ልጄ፣ ለጁላይ አይደርስም

የኔ ጌታ፣ እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ?

መጀመሪያ እህትህን እንዳትቆጣት። እኔ ነኝ አውጣጥቼ ያናገርኳት። ለጁላዩ የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ስምህን አስመዝግበሃል አለችኝ። "ተቀያሪ ነኝ፣ ቁጭ ነው የምለው" ብለሃት ነበር አሉ። እኔን እንዲህ ብለህ ታታልለኛለህ? ቡድናችሁ አንድ ለዜሮ እየተመራ አሥር ደቂቃ ሲቀር ቁጭ የምትል ልጅ አልወለድኩም።

የጉልበትህ የውስጥ ጅማት የተቀደደው ጃንዋሪ፣ ቀዶ ጥገና የተደረገልህ ፌብሯሪ አጋማሽ። ዛሬ አራት ወር ሆነህ። አያምህም፣ አላበጠም፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እያልክ ትወጣለህ። እኔን ያስፈራኝ ደግሞ ይኸው አለማመምህ ነው።

ሐኪሙ ሲያስረዳን አብሬህ ነበርኩ፣ እህትህ እያስተረጎመችልኝ። በተቀደደው ምትክ ከጭንህ ጀርባ ሁለት ጅማት ወስዶ፣ አጥፎ አራት ድርብ አድርጎ፣ ከላይና ከታች አጥንቱን በስቶ አስገባው። ታዲያ ያ ጅማት ሲገባ ደም የሚያደርስለት የለም። ጓሯችን ያለው ጌሾ ተነቅሎ ሲተከል መጀመሪያ እንዴት እንደጠወለገ ታስታውሳለህ? እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ይደክማል፣ ከዚያ ሰውነትህ አዲስ የደም ሥር ዘርግቶ ውስጡን እንደገና ይሠራዋል። ከስድስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ከገባበት ቀን ይልቅ የደከመ ነው፤ ደህና ጅማት እስኪመስል ደግሞ ዓመትም ያልፈዋል። ሕመሙ ግን ይህን ሁሉ አይጠብቅም፣ ቀድሞ ይሄዳል። ስለዚህ አላመመኝም ማለት ደርሷል ማለት አይደለም።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ረሳሃቸው መሰለኝ። እኔ አልረሳሁም። ጅማቱ ከተወሰደበት ከጭንህ ጀርባ ደሙ ወርዶ ባትህ እንደ በለስ ጠቁሮ ሳየው ተሸሽጌ አለቀስኩ። እንዲመችህ ብዬ ጉልበትህ ስር ትራስ ባደርግልህ ደግሞ ፊዚዮቴራፒስቷ መጥታ ትራሱን ከእጄ ነጠቀችኝ። ጉልበቱ ታጥፎ ከለመደ ሙሉ አይዘረጋም አለች። ፎጣ ጠቅልላ ተረከዝህ ስር አደረገችና ጉልበትህን ባዶ ላይ ተወችው። "ጭንህን አጥብቅ" ስትልህ ጭንህ ዝም አለ። አንተ እየታገልክ፣ ላብህ እየወረደ፣ ሥጋው ግን የሌላ ሰው ይመስል ንቅንቅ አላለም። ጉልበት ሲያብጥ የፊት ጭንን ሥራ ያስቆመዋል አሉን። በአራተኛው ቀን ከጉልበትህ ሎሚ በላይ ትንሽ ብልጭ ሲል እልል ማለቴን ጎረቤቶችህ እስካሁን ያወሩታል።

ሁዳዴም ነበር። ሥጋ ለመተካት ፕሮቲን ብላ ተብለህ፣ እኔ እየጾምኩ ጠዋት ጠዋት እንቁላል ስጠብስልህ የነበረውን ፈተና እግዚአብሔር ይቁጠርልኝ።

ወደ አገር ቤት ከመመለሴ በፊት በልብስ ሰፊ ሜትሬ ሁለቱን ጭንህን ለካሁ። ግራው በ4 ሴንቲ ያንስ ነበር። ዛሬ ስንት ሆነ? ስጠይቅህ "ደህና ነው" ነው መልስህ። ደህና ቁጥር አይደለም።

አጎትህን ታውቀዋለህ፣ ደረጃ ሲወርድ መደገፊያ የሚይዘውን። በሃያ ሁለት ዓመቱ ጃን ሜዳ ላይ ዞር ሲል "ቀጭ" አለ። ወጌሻ ዘንድ ወሰድነው። ወጌሻ ለወለቀ ጣት፣ ለዞረ ቁርጭምጭሚት እጁ ይባረክ፤ ጉልበት ውስጥ የተበጠሰን ጅማት ግን ታሽቶ የሚቀጥለው የለም። በወሩ እብጠቱ ጠፋ፣ እሱም ዳንኩ ብሎ ገባ። ከዚያ በኋላ እየከዳው፣ እየከዳው፣ ውስጡ ያለውን ለስላሳ ነገር ሁሉ ፈጭቶ ጨረሰው። ያኔ ለሱ የሚነግረው አልነበረም። ላንተ ግን የነገረህ ሞልቷል።

ከኖርዌይ የወጣ ጥናት እህትህ አንብባልኝ ነበር፣ የፈረንጆቹ 2016 ነው። ወደ ሜዳ መመለስን እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ በአንድ ወር ባዘገዩ ቁጥር እንደገና የመጎዳቱ ነገር በግማሽ ያህል ይቀንሳል ይላል። ሌላ ጥናት ደግሞ እንደሚለው ከ25 ዓመት በታች ሆነው ወደ ስፖርት ከሚመለሱት ከአምስቱ አንዱ በላይ፣ ወይ ያንኑ ጉልበት ወይ ደህነኛውን ይቀደዳል። አንተ 23 ነህ።

እናት አታውቅም ካልክ የራስህን ሰው ልጥቀስልህ። ተከላካዩ ቫን ዳይክ ኦክቶበር 2020 እንዳንተው የጉልበቱን ጅማት ተጎዳ። ሊቨርፑል ያለው ሐኪምና ማሽን ሁሉ እያለለት፣ ለአውሮፓ ዋንጫው ራሱ አልሄድም ብሎ ቀረ። ሜዳ ላይ የታየው በጁላይ መጨረሻ ነው፣ ያውም በወዳጅነት ጨዋታ። አንተ ጠዋት ፈረቃ ሠርተህ ማታ ጂም የምትገባ ልጅ ከሱ በግማሹ ጊዜ ልትመለስ ነው?

ሂድ፣ ቅር አላልኩህም። ውድድሩን የሚያዘጋጀው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከተመሠረተ ከፈረንጆቹ 1984 ወዲህ ስንት ጁላይ አልፏል፣ የሚመጣውም አለ። ማሊያህን ልበስ፣ ውሃ አቀብል፣ ዳኛውን ስደብ (በልኩ)። ጓደኞችህ "ዋርም አፕ ብቻ" ሲሉህ ግን ጫማህ መኪና ውስጥ እንዳይገኝ። ቤት ተወው።

ሳይክሉን፣ ስኳቱን፣ ያቺን በአንድ እግር ቁጭ ብድግ ማለት አትተው። ሰልችቶሃል፣ ይገባኛል፣ ሲያዩትም ያሰለቻል። በዘጠነኛው ወር፣ ኅዳር ላይ፣ ፊዚዮቴራፒስቷ በአንድ እግር እያዘለለች ትለካሃለች። የግራው ከቀኙ 90 ከመቶ ካልደረሰ ኅዳርም ቢሆን የለም።

ሽሮና በሶ በሚመጣ ሰው ልኬልሃለሁ፣ ቅዳሜ ይደውልልሃል። ዝላዩን ስትሞክር ቪዲዮ ላክልኝ። እንደ ባለፈው የቀኙን ብቻ እንዳትልክ፣ ቁምጣህ ላይ ያለውን ቁጥር አይቼ ነው የደረስኩብህ።

እናትህ