ፖስታዎቹን ክፈታቸው

ማሙሽዬ፣

እሁድ ቤትህ መጥቼ ውሃ ላወጣ ስል ፍሪጁ ላይ ሦስት ፖስታ አየሁ። ሦስቱም ቤትህን ካስያዝክበት ባንክ ናቸው። አንዳቸውም አልተከፈቱም። አንዱ ላይማ የቡና ስኒ ተቀምጦበት ክብ ምልክት ጥሏል። አንተ ስለ ኳስ ታወራኛለህ። ዝም ያልኩት ሚስትህ ስለነበረች ነው። በስልክ እንዳልነግርህ ደግሞ «እሺ እማዬ» ብለህ ትዘጋዋለህ።

አልቆጣህም። እኛም ደብቀን እናውቃለን። ያ በብድር የገዛነው ሚኒባስ ሞተሩ ተበላሽቶ ጋራዥ ስድስት ወር ሲቆም፣ በመያዣ የተያዘው ይሄው የአራት ኪሎው ቤታችን ነበር። ደብዳቤ ሲመጣ አባትህ ቡፌው መሳቢያ ውስጥ ይወረውረዋል። ካላነበበው ያልመጣ ይመስለዋል መሰል። አንድ ቀን ጋዜጣ ሲያገላብጥ የሐራጅ ማስታወቂያው ላይ የራሱን ስም አገኘ። የቤት ቁጥር፣ የካርታ ቁጥር፣ ስፋቱ በካሬ፣ የጨረታ መነሻ ዋጋ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ጋዜጣውን አጥፎ ጃኬቱ ውስጥ ከተተና ወጣ። የተመለሰው ማታ ነው። ከዚያ በኋላ ጎረቤት «አይዟችሁ» ማለት ጀመረ። እኔን ከዕዳው ይልቅ እሱ ነው የገደለኝ።

አባትህ «ፍርድ ቤት ሳይወስን ማን ይሸጠዋል?» ይል ነበር። ተሳስቷል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ራሱ በሐራጅ ይሸጣል። በሁለተኛው ጨረታም ገዢ ከጠፋ ቤቱን ራሱ ሊረከበው ይችላል። ስለዚህ ፖስታውን ክፈትና መጀመሪያ ቀኑን እይ። ተራ ማስታወሻ ነው ወይስ የ30 ቀኑ ማስጠንቀቂያ? ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

«ይውሰዱትና ልገላገል» እንዳትል ደግሞ። ሽያጩ ዕዳውን ካልሸፈነ ቀሪውን የምትከፍለው አንተ ነህ። ከተረፈ ትርፉ ያንተ ነው፤ ግን በሐራጅ ቤት በደህና ዋጋ ሲሸጥ እምብዛም አላየሁም።

እኛን ያተረፈን ብድር ክፍል ሄደን መለመናችን ነው። ሚኒባሱን እንደቆመ ሸጥን፣ የዕቁብ ዕጣዬን ለምኜ አስቀደምኩ፣ ያንን አስገብተን የክፍያ ጊዜው እንዲራዘምልን ማመልከቻ ጻፍን። ጨረታው ቆመ። አንተም ክፍያው 90 ቀን ሳያልፈው ብትሄድ ይሻላል፤ ካለፈ ብድሩ ከተበላሹ ብድሮች ይመደባል፣ ወሬውም ይከብዳል። ማራዘሚያውም ካልሆነ ባንኩን አስፈቅደህ ቤቱን ራስህ ሽጠው። ገዢው ዕዳውን ለባንኩ ይከፍላል፣ ቤቱ ላይ ያለው የባንኩ እገዳ ይነሳል፣ የተረፈውን ትይዛለህ። ትንሽ ቤት ትከራያላችሁ፣ ምን አለበት?

አራጣ አበዳሪ ደጅ ግን እንዳትደርስ። «ውክልና ስጠኝ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» የሚል ደላላም ይመጣል። ሻይ ጋብዘህ ሸኘው።

ለሚስትህ ዛሬውኑ ንገራት። የመያዣ ውሉ ላይ እሷም ፈርማለች እኮ። ከጋዜጣ እንዳትሰማ፤ እኔ የሰማሁት እንደዚያ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት 2፡30 አራት ኪሎ ሐውልቱ ጋ እጠብቅሃለሁ። አብረን እንገባለን። ፖስታዎቹን ይዘሃቸው ና፣ ስኒ የተቀመጠበትንም ጭምር።

እናትህ