ሰሌዳ ፊት ለቆመችው ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ኮዬ ፈጬ እንዳለን አለን። እናትሽ ደህና ናት፣ ውኃው እንደ ልማዱ በፈረቃ ነው፣ እኔም ቅዳሜን ፈተና ሳርም ዋልኩ።

በደብዳቤሽ ያነሣሽው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ባልደረባሽ «ተማሪ የሚፈልገው ሞቅ ያለ መምህር ነው፤ ሌላው ትርፍ ነው» ብሎሻል አይደል? እስቲ የአንድ ተዋናይ ታሪክ ላጫውትሽ። እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካ ውስጥ ማይክል ፎክስ የሚባል ተዋናይ «ዶክተር ማይረን ፎክስ» ተብሎ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ፊት ቀረበ። «ጌም ቲዮሪ» ስለሚባለው የሒሳብ ዘርፍ (የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ) ንግግር አደረገ። የሚያውቀው ነገር አልነበረም። እርስ በርሱ የሚጋጭ፣ ፍሬ ቢስ ነገር በቀልድ እያዋዛ በሙሉ ልብ እንዲናገር ተለማምዶ ነው የመጣው። በተሰጣቸው መጠይቅ ላይ አብዛኞቹ አድማጮች አመሰገኑት። ጥናቱ በ1973 ታትሟል። እንግዲህ በሴሚስተሩ መጨረሻ ተማሪዎችሽ የሚሞሉልሽን የግምገማ ቅጽ ስታነቢ ይህን ሰው አስቢው። ቅጹ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ ባለሙያዎቹ ከተታለሉ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ቢታለል አይፈረድበትም ማለቴ ነው።

ባለፈው ወር ክፍል ውስጥ 0.999… እያለ ማለቂያ የሌለው ቁጥር ከ1 ጋር እኩል ነው ብዬ ጻፍኩ። ከኋላ መስመር አንድ ልጅ «መምህር፣ እኩልማ አይሆንም፤ ትንሽ ይቀረዋል» አለ። «ስንት ይቀረዋል?» አልኩት። ተነሥቶ መጣና ጠመኔውን ተቀበለኝ። 0.000 ብሎ ዜሮ መደርደር ጀመረ፤ ሐሳቡ መጨረሻው ላይ 1 ሊያኖር ነው። ሰሌዳው ጠርዝ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። «መጨረሻ የለውማ!» አለ፣ ለእኛ ሳይሆን ለራሱ። ከዚያ በኋላ የተነሣውን ክርክር ጸጥ ማሰኘት አልቻልኩም፤ አልፈለግሁምም። ድምፄን ከፍ አላደረግሁም፣ ቀልድም አላወራሁም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ክፍል ውስጥ የለመድነው «ይህ መውጫ ፈተና ላይ ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ እንኳ ያን ቀን አልተነሣም።

እንዲህ ያለው ቀን ሁልጊዜ አይገኝም። ያንኑ ኮርስ በዚያው ማስታወሻ ዓመት እስከ ዓመት ሲያስተምሩ ልብ ይደርቃል። የሚያድነው ራስሽም የማታውቂው፣ የሚከነክንሽ ጥያቄ በእጅሽ መኖሩ ነው። እዚህ ላይ ነው በቴሌግራም ያገኘሻቸው የሙያ ባልደረቦች የሚጠቅሙሽ። ሁሉም ቡድን አይደለም! አንዳንዱ የሞጁልና የፈተና ወረቀት መለዋወጫ፣ አንዳንዱ የበዓል መልካም ምኞት መግለጫ ነው፤ ከእነዚያ ሹልክ ብለሽ ውጪ። አንድ ሰው በስሙ «ይህ ቦታ አልገባኝም፤ እስከዚህ ድረስ ሞክሬያለሁ» ብሎ የሚጽፍበት፣ ሌላው ሳያሾፍ የሚመልስበት ካገኘሽ ግን እዚያ ሰንብቺ።

እ.ኤ.አ. በ2009 ቲሞቲ ጋወርስ ያደረገውን ሰምተሽ ይሆናል። በሒሳብ ከታላላቆቹ ሽልማቶች አንዱ የሆነውን የፊልድስ ሜዳሊያ የተሸለመ ሰው ነው። ቀደም ሲል በረቀቀ መንገድ የተረጋገጠ አንድ ቲዎረም ነበር፤ ቀለል ያለ ማረጋገጫ እንፈልግለት ብሎ ጥያቄውን በኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት አደረገው። በ37 ቀናት ውስጥ 27 ሰዎች 800 ያህል አስተያየቶች ጻፉ። እንደ ቴረንስ ታኦ ያሉ ስመ ጥር የሒሳብ ሊቃውንት ነበሩበት፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርም ነበረበት። ማረጋገጫው ተገኘ፤ ጽሑፉም ዲ. ኤች. ጄ. ፖሊማዝ በሚል የጋራ ስም ወጣ። እኔን የሚገርመኝ ውጤቱ አይደለም። ታላላቆቹ ሲሳሳቱና ሲታረሙ ሰው ሁሉ እንዲያይ መፍቀዳቸው ነው። ለነገሩ ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም፤ የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ለመምህሩ የሚነግረው ባልንጀሮቹ እየሰሙት ነው፤ ከአንዱ መምህር የጎደለውን ለመሙላትም ከዋሸራ የቅኔ ቤት ወደ ጎንጅ የቅኔ ቤት በእግሩ ይሄድ ነበር። አንቺን የሚያስፈልግሽ የዳታ ጥቅል ብቻ ነው።

ብቻ ስልክ ላይ ስታፈጥጪ አጠገብሽ ያለውን ቢሮ እንዳትረሺ። ያ «ሞቅ ያለ» ባልደረባሽ ክፍል ገብተሽ እንድታዪው ጠይቂው፤ ምናልባት ከአነጋገሩ የተሻለ አስተማሪ ይሆናል።

«ይስቁብኛል» ብለሽ ያስቀረሽውን የተከታታይ ድምሮች ጥያቄ በዚህ ሳምንት ቡድኑ ውስጥ ለጥፊው። መጀመሪያ ለእኔ አትላኪልኝ፤ አባት ስለሆንኩ ቶሎ ልመልስልሽ እቸኩላለሁ። ሰው ሲመልስልሽ ግን ማን ምን እንዳለ ጻፊልኝ፤ እኔም የምከራከረው አላጣም። እናትሽ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታለች፤ ወደዚያ የሚመጣ የምታምኚው ሰው ካለ ንገሪን።

አባትሽ