እታለም፣ ቀኑን ቁጠሪ

ዳላስ፣ ኅዳር 12

ውድ እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? የእማማ ጉልበት ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

የላክሽልኝን ድምፅ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ከኋላ የባጃጅ ጥሩምባ ይጮሃል፤ አንቺ ደግሞ በሹክሹክታ ነው የምታወሪው። ያልገባ ዕቃ ገብቷል ብለሽ ፈርሚ አሉሽ። እምቢ ብትዪ እንጀራሽ ነው፤ እሺ ብትዪ ነገ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። «ዝም ልበል ወይ?» አልሽኝ።

የኔን ልንገርሽ። እማማ እንዳትሰማ ብዬ ነው የደበቅሁሽ። አምና የምሠራበት መጋዘን የአደጋ ጊዜ መውጫውን በር በካርቶን ክምር ዘጋው። እሳት ቢነሳ መውጫ የለንም። ለአለቃዬ ነገርሁት፤ «እናነሳዋለን» አለ። አላነሱትም። ፎቶ አንስቼ በኢሜይል ጻፍሁለት። በሳምንቱ ኦቨርታይሜን ቆረጡና ወደ ሌሊት ፈረቃ ወረወሩኝ።

የአበሻ ልጆቹ «አርፈህ ሥራ፤ አሳባቂ ትባላለህ» አሉኝ። ይቺ ቃል ስንቱን አፉን አስዘጋችው! ጥፋት የሚያጋልጠውን ሰው የእኛ አዋጅ እንኳ «ጠቋሚ» ነው የሚለው። አባባ የደርግን ጊዜ እያሰበ ይህን ቃል ሲሰማ ፊቱ እንዴት እንደሚጠቁር ታስታውሺያለሽ።

ኦሻ የሚባል የሥራ ቦታ ደኅንነትን የሚቆጣጠር የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለ። በፈረንጅ የ1970 ሕጉ፣ አደጋ አለ ብሎ ያመለከተን ሠራተኛ አሠሪው እንዳይበቀለው ይከለክላል። ግን በቀሉ በደረሰብሽ በ30 ቀን ውስጥ ካላመለከትሽ አለቀ። እኔ የሰማሁት በ26ኛው ቀን ነው፣ ያውም ታክሲ ከሚነዳ የጎንደር ልጅ! በማግስቱ ደወልሁ፤ አስተርጓሚ አገናኙኝ። ወራት ፈጀ። በመጨረሻ በስምምነት የቆረጡብኝን ከፈሉኝ፤ ቀን ፈረቃዬም ተመለሰ። ቴክሳስ እኮ አሠሪ ያለ ምንም ምክንያት ማሰናበት የሚችልበት አገር ነው። ያዳነኝ ቀን የተጻፈበት ኢሜይሌ ነው።

ወዳንቺ ልመለስ። የምትሠሪበት የግል ድርጅት ስለሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ይመለከትሻል። በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ለስንብት ምክንያት አይሆንም ይላል፣ አንቀጽ 26 ላይ። ካሰናበቱሽ ግን ወደ ሥራ ልመለስ ብለሽ ለመክሰስ ያለሽ 3 ወር ብቻ ነው። ሽማግሌ እንላክ፣ ትንሽ እንታገሥ ሲባል ያልፋል። የጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ 699/2003ም አለ፤ ማንነትን እስከ መደበቅ ይሄዳል። እሱ ግን ለከባድ ወንጀል ነው። ያንቺ ጉዳይ እዚያ ይግባ አይግባ ጠበቃ ጠይቂ፤ ብሩን እኔ እልካለሁ።

እስከዚያ አትፈርሚ። ማን፣ መቼ፣ ስለየትኛው ዕቃ ፈርሚ እንዳለሽ በየቀኑ ደብተር ላይ ጻፊ። የድርጅቱን ወረቀት ግን ቤት እንዳትወስጂ፤ ሰረቀች ይሉሻል።

እዚህ ተቀምጦ «ተናገሪ» ማለት ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ። ኪራይ የምትከፍዪው፣ ሰፈር ውስጥ፣ ሽምብጥ ላይ ከአለቃሽ ጋር የምትገጣጠሚው አንቺ ነሽ። ብትባረሪ የ6 ወር ኪራይ በኔ ነው።

ቅዳሜ ማታ እደውላለሁ፤ ለናንተ እሑድ ጠዋት ነው። ከሰው ራቅ ብለሽ ጣና ዳር ቁጭ በይና አንሺው።

ወንድምሽ