ለአባቴ፦ ቤቱን እንዴት እንዳገኘነው

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። ባለፈው በስልክ ቤቱን መግዛታችንን ስነግርዎ ደስ ቢልዎትም፣ ወዲያው «ሰው ስለተሻማበት ብላችሁ ከአቅማችሁ በላይ ገብታችሁ እንዳይሆን» ብለው ስጋትዎን ነገሩኝ። እኔም በጥድፊያ «አይ፣ አይ» ብዬ አለፍኩት፤ ከዚያ በኋላ ግን ሲከነክነኝ ሰነበተ። ስምንት ወር ሙሉ እኔና ባለቤቴ ማታ ማታ ስንነጋገርበት የነበረው ይኸው ነገር ስለሆነ፣ የሆነውን ሁሉ በጽሑፍ ላስረዳዎ ወደድኩ።

በቤት ሽያጭ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ገበያውን የሚለኩት፣ ለሽያጭ የቀረቡት ቤቶች አዲስ ሳይጨመርባቸው በስንት ወር ተሸጠው እንደሚያልቁ በማስላት ነው። 6 ወር ገደማ ከሆነ ሻጭና ገዢ ተመጣጥነዋል ይላሉ፤ ከዚያ በጣም ሲያንስ ግን ሥልጣኑ የሻጩ ነው። እኛ በምንፈልግበት አካባቢ አንድ ቤት ለገበያ በወጣ በሳምንቱ ተሸጦ ያልቅ ነበር። አንዱ ምክንያት፣ ቀደም ሲል በዝቅተኛና በማይለዋወጥ ወለድ የተበደሩ ባለቤቶች ቤታቸውን ቢሸጡ አዲሱን በከፍተኛ ወለድ መግዛት ስለሚኖርባቸው ካሉበት አለመንቀሳቀሳቸው ነው።

የመጀመሪያው ቤት ያመለጠን በራሳችን ጥፋት ነው። ባንኩ በቃል «ትችላላችሁ» ስላለን በቂ መስሎን ነበር፤ ሌሎቹ ተጫራቾች ግን ገቢያቸውና ዕዳቸው ተመርምሮ ይህን ያህል ሊበደሩ እንደሚችሉ የሚገልጽ የባንክ ደብዳቤ ይዘው ቀርበዋል። ሁለተኛውን ደግሞ ቤቱን ያለ ምንም ምርመራ እገዛለሁ ያለ ሰው ወሰደው። ያን ዕለት ባለቤቴ አለቀሰች፤ እኔም በንዴት በሚቀጥለው ቤት ምንም ዋጋ ቢጠሩብኝ እጨምራለሁ ብዬ ነበር። አባቴ፣ እርስዎ የፈሩት ነገር ሊደርስብን የነበረው ያን ዕለት ነው።

ያዳነን አንድ ወረቀት ነው። በማግስቱ ቁጭ ብለን፣ ሌላ ሰው ከዚያ በላይ ሰጥቶ ቢወስደው የማይቆጨንን ዋጋ ጻፍንና አጥፈን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥነው። ወርኃዊ ክፍያውን፣ ግብሩን፣ መድኑንና የእድሳቱን ወጪ ደምረን፣ ከሁለታችን አንዳችን ሥራ ብናጣ ስንት ወር እንደምንቆይ አስልተን የደረስንበት ቁጥር ስለነበር፣ በጨረታ ሙቀት ውስጥ እንዳንነካው ተማማልን። እ.ኤ.አ. በ1971 የነዳጅ ፍለጋ ጨረታን ያጠኑ ሦስት መሐንዲሶች፣ ብዙ ሰው በሚጫረትበት ነገር የሚያሸንፈው አብዛኛውን ጊዜ የዕቃውን ዋጋ ከሁሉም አብልጦ የገመተው፣ ማለትም ይበልጥ የተሳሳተው መሆኑን ጽፈዋል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ በሃያ ሰው መካከል አንደኛ መውጣት ያስፈራኝ ጀመር።

ሌላም ብዙ ገዢ የማያስተውለው ጉዳይ አለ። ባንክ የሚያበድረው ገዢው በተስማማበት ዋጋ ሳይሆን፣ ከዚያ ዋጋና ባንኩ ቤቱን እንዲገምት ከሚያዝዘው ገማች ግምት ባነሰው ላይ ተመሥርቶ ነው። ቤቱን በ100 ተስማምተን ገማቹ 95 ቢለውና ባንኩ 80 በመቶ የሚያበድር ቢሆን፣ የምናገኘው ብድር 80 መሆኑ ይቀርና 76 ይሆናል፤ ከኪሳችን የምናወጣው 20 መሆኑ ቀርቶ 24 ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ከቁጠባችን ለዚህ ልዩነት የሚሆን ገንዘብ ለብቻው አስቀመጥን።

ሦስተኛው ቤት ሲወጣ ደላላችን ለሻጯ ደላላ ደውሎ፣ ከዋጋው ሌላ ሻጯን የሚያስጨንቃቸው ነገር ምን እንደሆነ እንዲጠይቅልን አደረግን። ሴትዮዋ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ የሚዛወሩበት ቤት ገና አላለቀም፤ ሁለት ጊዜ ዕቃ ማጓጓዝ ደግሞ ከአቅማቸው በላይ ነበር። እኛም ስሙ ከዞረ በኋላ 60 ቀን ያለ ኪራይ እንዲቆዩ በጽሑፍ አቀረብን፤ ቀብዱንም ከተለመደው ከፍ አደረግነው። ያለ በቂ ምክንያት ብናፈገፍግ ቀብዱ እንደሚቀርብን እያወቅን ነው ይህን ያደረግነው።

ምርመራውን ግን አልተውነውም። ዋጋ ማቅረቢያው ቀን ከመድረሱ በፊት በራሳችን ወጪ መርማሪ ይዘን ገባን። ሰውየው ከወለሉ በታች ባለው ጠባብ ክፍተት በደረቱ እየተሳበ ገብቶ፣ ከመታጠቢያ ክፍሉ ሥር ያለውን ወራጅ እንጨት በጠመንጃ መፍቻ ሲወጋው፣ ብረቱ ያለ ምንም ድምፅ የጣት አንጓ ያህል ሰመጠ። የሚያፈስ ቧንቧ ለዓመታት አበስብሶታል። እኔ በእጅ ባትሪ እያበራሁለት በዓይኔ አየሁት። የጥገናውን ወጪ በአናጺ አስገምተን፣ ወረቀታችን ላይ ካለው ቁጥር ላይ ቀነስነው፤ ሻጯ ያድሱልን ብለን ሳንጠይቅ፣ የምንገዛውን አውቀን ዋጋችንን አስገባን።

ኋላ እንደተነገረን ከእኛ የበለጠ ዋጋ ያቀረበ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ግዢው የራሱ ቤት አስቀድሞ ቢሸጥለት የሚፈጸም ነበር። ሴትዮዋ የእኛን መረጡ። የገማቹም ግምት ከተስማማንበት በጥቂቱ ብቻ አንሶ ስለመጣ፣ ካስቀመጥነው ገንዘብ ገሚሱ እንኳ አልተነካም። መሳቢያው ውስጥ ያለውን ቁጥር አላለፍነውም፣ አባቴ፤ ወረቀቱን ሲመጡ አሳይዎታለሁ።

ቁልፉን የምንረከበው 60 ቀኑ ሲያልቅ ነው። በፍለጋው ሁሉ ያልተደራደርንበት አንድ ነገር ደረጃ የማያስወጣ መኝታ ክፍል መኖሩ ነበር፤ እዚህ ቤት ከመታጠቢያው አጠገብ አለ፣ የእርስዎ ነው። የበሰበሰውን እንጨት ለመቀየር ወለሉ መነሣቱ ስለማይቀር፣ በዚያው ግድግዳው ላይ የእጅ መደገፊያ ብረት እናስገጥማለን። ጉልበትዎ ሲያምዎ የሚደገፉት በቀኝ እጅዎ ይሁን በግራ፣ አናጺው ሥራ ሳይጀምር ይጻፉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ