የካላሻን በዓል ለማየት ለምትሄዱ፣ እስኪ ረጋ በሉ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

በጉዞ ገጻችሁ ላይ በሰሜን ፓኪስታን ተራሮች ስለሚኖረው ካላሻ ሕዝብ የፀደይ በዓል ያወጣችሁትን አነበብኩት። ፎቶዎቹ ያምራሉ አልክድም፣ ግን ጽሑፉ ግማሹ የታላቁ እስክንድር ወታደሮች ዘር ምናምን፣ ግማሹ ደግሞ ሴቶቹ ነፃ ናቸው ከፈለጉት ጋር ይሄዳሉ የሚል ወሬ ነው። እኔ ቦታው ድረስ ሄጄ ጆሺን፣ ያንኑ የፀደይ በዓል፣ ያየሁ ሰው ስለሆንኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፣ በተለይ ይሄ ሁለተኛው ወሬ እዛ ያሉትን ሴቶች ምን ያህል እንደሚያማርራቸው ስላየሁ።

የእስክንድሩን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። አፈ ታሪኩ ደስ ይላል፣ ሰማያዊ አይን ያላቸው ልጆች ሲታዩ ደግሞ ሰው ማመን ይፈልጋል፣ ካላሻዎቹም አንዳንዶቹ ራሳቸው ይሉታል፣ ግሪኮችማ ወደውት ቡምቡሬት በሚባለው የካላሻ ሸለቆ ውስጥ ሙዚየም እስከማሰራት ደርሰዋል። ግን በፈረንጅ 2015 የወጣ የዘረመል ጥናት ከግሪክ ጋር የሚያገናኛቸው ምልክት አላገኘም፣ እንደውም ከሌላው ሕዝብ የተለዩት እስክንድር ከመወለዱ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ነው የሚለው። ቋንቋቸውም ዝምድናው እዛው ሂንዱኩሽ ተራሮች ውስጥ ከሚነገሩት ጋር ነው።

እውነተኛው ታሪክ እኮ ከዚህ ይበልጣል፣ እሱን ብትጽፉት ኖሮ። ድሮ እነሱን የመሰለ እምነት ያላቸው ሕዝቦች ከድንበሩ ወዲያ አሁን አፍጋኒስታን በሆነው ተራራ ላይም ሞልተው ነበር፣ ሀገሩም ካፊሪስታን ይባል ነበር። በፈረንጅ 1893 አፍጋኒስታንን እንግሊዝ ከምትገዛው ህንድ የሚለየው የዱራንድ መስመር ሲሰመር የካላሻዎቹ አገር ቺትራል በህንድ በኩል ቀረ፣ በፈረንጅ 1895 እና 96 የካቡሉ አሚር አብዱራህማን ካፊሪስታንን ወግቶ ሕዝቡን በግድ አሰለመና ስሙንም ኑሪስታን አለው። መስመሩ ወዲህ ያስቀራቸው ካላሻዎች ብቻ ተረፉ፣ ቡምቡሬት፣ ሩምቡርና ቢሪር በሚባሉ ሦስት ጠባብ ሸለቆዎች ውስጥ። ዛሬ የቀድሞውን እምነት የያዙት 4000 ገደማ ቢሆኑ ነው፣ እዛው መንደር ውስጥ የሰለሙ ዘመዶቻቸው አብረዋቸው ይኖራሉ።

አሁን ወደ በዓሉ። ሙሉ ስሙ ቺላም ጆሺ ነው፣ በግንቦት መጀመሪያ ሳምንት ይውላል፣ በፈረንጅ ሜይ 13 አካባቢ ጀምሮ እስከ 16። ዋናው ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ወተት ነው። ፍየሎቹ ወደ ላይኛው የበጋ ግጦሽ ከመውጣታቸው በፊት ወተቱ ለቀናት ሳይነካ ይጠራቀምና በበዓሉ መጀመሪያ ለሰው ሁሉ ይታደላል፣ ልጆችና ሴቶች ተራራው ላይ ወጥተው ቢጫ አበባ ይለቅማሉ፣ ቤቱና ጄሽታክ ሀን የሚባለው የጎሳው የጸሎት ቤት በአበባና በዋልነት ቅጠል ይሸለማል፣ በክረምቱ የተወለዱ ህጻናትና እናቶቻቸው የመንጻት ስርአት ይደረግላቸዋል። ከዛ በኋላ ነው ጭፈራው፣ መሃል ላይ ከበሮ የሚመቱት ይቆማሉ፣ ሽማግሌዎች የአያቶቻቸውን ታሪክ በዜማ ያወርዳሉ፣ ሴቶቹ ወገብ ለወገብ ተያይዘው ረጅም ሰንሰለት ሰርተው ይዞራሉ። ጥቁር ቀሚስ በደማቅ ክር የተጠለፈ፣ አንገት ላይ የዶቃ ክምር፣ ጭንቅላት ላይ ደግሞ እስከ ጀርባ የሚወርድ በዛጎል የተሸፈነ ኩፓስ የሚባል የራስ ጌጥ (ባህር በሌለበት ተራራ ላይ ያን ሁሉ ዛጎል ማየት ይገርማል፣ በንግድ ነው የመጣው)። በመጨረሻው ቀን ሁሉም አረንጓዴ ቅጠል ይዞ ያወዛውዛል፣ ወንዶቹ ከላይ በሰልፍ እየዘመሩ ይወርዳሉ፣ ሴቶቹ ከታች ይጠብቃሉ፣ እኔ እንደዛ አይነት ነገር የትም አላየሁም።

ታድያ ይሄ ሁሉ ጸሎት ነው። ለፍየሉ፣ ለእህሉ፣ ለልጁ በረከት የሚለመንበት። እናንተ ግን "የፍቅር ፌስቲቫል" አላችሁት። አንዳንድ ወጣቶች በበዓሉ ሰሞን ተያይዘው ጠፍተው ይጋባሉ እውነት ነው፣ ሴቷም ባሏን ትታ ሌላ የማግባት መብት በባህሉ አላት፣ ግን ይሄ እነሱ በእነሱ መሃል ያላቸው ወግ ነው፣ ከላሆር ከተማ ወይ ከሌላ ሀገር ለሚመጣ እንግዳ የተዘጋጀ ግብዣ አይደለም። ወደ ቺትራል የሚያስገባው የሎዋሪ ዋሻ መንገድ በፈረንጅ 2017 ከተከፈተ ወዲህ መኪና በቀላሉ ይገባል፣ ድሮ በረዶ የሚዘጋው መተላለፊያ ነበር፣ አሁን በበዓሉ ቡምቡሬት ላይ ከባለቤቶቹ ይልቅ ተመልካቹ ይበዛል። ከተመልካቹ መሃል ደግሞ ያንን ወሬ ሰምቶ የመጣው ብዙ ነው። ሰንሰለቱ ውስጥ ሞባይሉን ይዞ እየገባ ፊታቸው ላይ የሚደቅን፣ እጇን ይዞ ሴልፊ የሚል፣ ፊቷን አዙራ ስትሄድ ተከትሎ ቪዲዮ የሚቀርጽ፣ ፖሊስ ቆሞ እያለ! አንዷ ልጅ ጭፈራውን ጥላ ወጥታ ግድግዳ ስር ተቀመጠች፣ በራሷ በዓል ላይ ማለት ነው።

ለመሄድ ያሰበ ሰው ካለ እኔ የምለው፣ ከሩምቡር ጀምሩ፣ በዓሉ ራሱ እዛ ነው የሚጀምረው፣ ከቡምቡሬት ያነሰና ሆቴል ያልበዛበት ነው። ከቺትራል ከተማ ወደ አዩን መንደር፣ ከአዩን በጂፕ ነው፣ መንገዱ ከገደል ላይ የተፈለፈለ ነው፣ የሚፈራ ሰው ወደ ወንዙ በኩል አይቀመጥ። የውጭ ዜጋ ቺትራል ፖሊስ ጋ ይመዝገብ። ማደሪያችሁን የካላሻ ቤተሰብ ቤት አድርጉት፣ ብሩ እነሱ ጋ ይቅር፣ ብዙዎቹ ትልልቅ ሆቴሎች የነሱ አይደሉም። ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ፣ እምቢ ካሉ እምቢ ነው። መሠዊያ ወይ የፍየል ጋጣ ጋ ሳይነገራችሁ አትጠጉ፣ ለእነሱ ንጹህ የሚባሉ ቦታዎች ናቸው።

እና አንድ ነገር በጣም ያናደደኝ፣ ጽሑፋችሁ ባሻሊን "መታየት ያለበት ቤት" ብሎ መምከሩ። ባሻሊ ሴቶች በወር አበባና በወሊድ ጊዜ የሚቆዩበት ቤት ነው፣ የራሳቸው ወንዶች እንኳን አይገቡበትም፣ ግንቡን መንካት ራሱ ነውር ነው፣ እንዴት ነው ቱሪስት ሂድና እይ የሚባለው? እባካችሁ እሱን በሚቀጥለው እትም አርሙት፣ የእስክንድሩ ቢቆይም ግድ የለኝም። በድረገጻችሁ ላይ ያለውን ፊቷን በእጇ የሸፈነች ልጅ ፎቶ ደግሞ አውርዱት፣ መነሳት እንዳልፈለገች እኮ ከፎቶው ራሱ ይታያል።

የዘወትር አንባቢያችሁ