ለእህትዓለም፣ ጎንደር

እህትዓለም፣ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ጎንደርስ እንዴት ናት? ሳንጻጻፍ ብዙ ቆየን፤ ናፍቆቱ ግን እንዳለ ነው። ስለ ጋሼ ግሊዮብላስቶማ፣ ስለዚያ ከባድ የአንጎል ካንሰርና ስለ ሰማሽው አዲስ የሴል ሕክምና የጠየቅሽኝን ሳላድበሰብስ ልንገርሽ።

ካር-ቲ ይባላል። የታማሚው ደም በማሽን እያለፈ ነጭ የደም ሴሎቹ ይለያሉ፤ ቀሪው ይመለስለታል። ከእነዚህ መካከል በሽታን የሚዋጉት ቲ-ሴሎች ላቦራቶሪ ውስጥ ይነቃቁና፣ በሽታ እንዳያመጣ በተደረገ ቫይረስ አማካኝነት አዲስ ጂን ይገባላቸዋል። በዚያ ጂን በካንሰሩ ሴሎች ላይ ያለውን መለያ ምልክት የሚያውቅ ተቀባይ ያወጣሉ። ለቀናት ተባዝተው፣ ከጀርም ነፃ መሆናቸው ተመርምሮ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀመጣሉ። ሲሰጡ በ37 ዲግሪ ቶሎ መቅለጥ አለባቸው፤ ከቅዝቃዜው የጠበቃቸው ዲኤምኤስኦ የሚባል ፈሳሽ ከቀለጡ በኋላ ሲቆይ ራሱ ይጎዳቸዋል።

በደም ሥር ቢሰጡ አንጎል የሚደርሱት ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ከራስ ቆዳ ሥር ኦማያ የሚባል ትንሽ ማጠራቀሚያ ይቀበራል፤ ቀጭን ቱቦው የአንጎል ፈሳሽ ወዳለበት ክፍተት ይገባል። ሐኪሙ በመርፌ መጀመሪያ ጥቂት ፈሳሽ ይቀዳል፣ ግፊት እንዳይጨምር፤ ከዚያ ሴሎቹን በዝግታ ይሰጣል።

እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣ ሪፖርት የቦስተኑ ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ለሦስት ታማሚዎች በዚህ መንገድ 10 ሚሊዮን ሴል ሰጥቶ ዕጢው በቀናት ውስጥ ሲሟሽሽ ታየ። እኔን ያስደነቀኝም ያሳዘነኝም እዚህ ላይ ነው፤ የሁለቱ ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ። የዚህ ሕክምና አንዱ ችግር የአንድ ዕጢ ሴሎች ሁሉ አንድ ምልክት አለመሸከማቸው ነው፤ ምልክቱ የሌላቸው ተርፈው ይራባሉ። ለዚህ ነው ሁለት ምልክት ባንዴ የሚያሳድዱ ሴሎች የሚሞከሩት። ሴሎቹ ከተሰጡ በኋላ ትኩሳትና መደናገርም ሊመጣ ይችላል። አንጎል ሲያብጥ ኤምአርአይ ላይ ዕጢው ያደገ ሊመስል ይችላል።

እብጠቱን የሚያበርደው ዴክሳሜታዞን ደግሞ ቲ-ሴሎቹንም ያደክማል፤ ብዙ ሙከራዎች ከፍ ያለ መጠን የሚወስድ ሰው አይቀበሉም። ቢሆንም ጋሼ ሐኪማቸው ሳያዝ ኪኒኑን በድንገት እንዳያቆሙ አደራ፤ አደገኛ ነው።

ይህ ገና ሙከራ ነው፤ ቀዶ ሕክምናው፣ ጨረሩና ቴሞዞሎማይድ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ለእሱ ተብሎ እንዳይዘገይ። አንቺ ግን የዕጢውን ናሙና ከመረመረው የፓቶሎጂ ክፍል ውጤቱን በጽሑፍ ውሰጂ፤ በሰም የተቀመጠው ናሙናም እንዳይጣል ንገሪልኝ። ዕጢው ምልክቱን መሸከሙ የሚታየው በእሱ ነው። የኤምአርአዩንም ሲዲ ያዢው፤ ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም።

ጋሼን ሳሚልኝ።