«ምንም የለብሽም» ስላልኩሽ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ባለፈው ደውለሽ የምርመራ ውጤትሽን ስትነግሪኝ «እሰይ! ምንም የለብሽም ማለት ነው» አልኩሽ። አንቺም ዝም አልሽ። ያ ዝምታሽ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ደሙም ሰገራውም ንጹሕ ነው ቢሉሽም፣ ሌሊት ተጠቅልለሽ ቁርጠቱን የምትችዪው አንቺ ነሽ። እኔ ለመደሰት ቸኩዬ ሕመምሽን ካድኩሽ። ይቅር በዪኝ።

ከዚያ ወዲህ ሐኪምሽ የነገረሽን አይቢኤስ የሚባለውን የአንጀት ሕመም ሳነብና ስጠይቅ ሰነበትኩ። አንጀትሽ አልቆሰለም፤ የተዛባው አሠራሩ ነው። አንጀት የራሱ የነርቭ መረብ አለው፣ ከአንጎልም ጋር ሌት ተቀን ይነጋገራል። ይህ ንግግር ሲረበሽ ሌላው ሰው ልብ የማይለው ትንሽ ጋዝ ላንቺ ሕመም ሆኖ ይሰማሻል። የአንጀቱ እንቅስቃሴ ሲፈጥን ተቅማጥ፣ ሲዘገይ ድርቀት ያመጣል። ይህን ደግሞ ካሜራም ላቦራቶሪም አያሳይም። አንዳንዱን ሰው ከከባድ የሆድ ኢንፌክሽን በኋላ እንደሚጀምረው ሳነብ፣ ያ አልጋ ላይ የጣለሽ ተቅማጥ ትዝ አለኝና ክው አልኩ።

ሐኪሞች ስሙን የሚሰጡት ሌላ ቢጠፋቸው ነው ብዬ ነበር። ለካ የራሱ መለኪያ አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው፣ ሐኪሞች ሕመሙን በሚለዩበት የሮም መስፈርት መሠረት ሕመሙ ከጀመረ ቢያንስ 6 ወር ሊሞላው፣ ባለፉት 3 ወራትም በአማካይ ቢያንስ በሳምንት 1 ቀን ሊመላለስ ይገባል። ከመጸዳዳት ጋር መያያዙ፣ የሰገራው ድግግሞሽ መለወጡ፣ መልኩ መለወጡ፤ ከነዚህ ከሦስቱም ቢያንስ ሁለቱ መኖር አለባቸው።

ጭንቀትም ያባብሰዋል። ይህን ስልሽ «የሐሳብ ነው» ማለቴ እንዳይመስልሽ። ሲከፋን ሆዳችን ባባ፣ ስናዝን አንጀታችን ተላወሰ የምንለው በከንቱ አይደለም። ፈተና በመጣ ቁጥር ሆድሽ የሚገለባበጠው ፈሪ ስለሆንሽ አይደለም፣ የኔ ሆድ።

አብዝቶ የሚያሳስበኝ የምግቡ ጉዳይ ነው። ያመመሽ ቀን የበላሽውን ሁሉ እየተውሽ ከሄድሽ ገበታሽ ላይ የሚቀር ነገር አይኖርም። በአውስትራሊያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያዳበሩት ዝቅተኛ ፎድማፕ የሚባል አመጋገብ አለ። በአንጀት ውስጥ በደንብ ሳይፈጩ ቀርተው ውኃ የሚስቡና ጋዝ የሚያበዙ ምግቦችን፣ ለምሳሌ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ወተት፣ ፖም፣ ማር፣ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ትቀንሺያለሽ። ከዚያ አንድ በአንድ እየመለስሽ የትኛው እንደሚጎዳሽ ትለያለሽ። ብዙ ሰው መቀነሱ ላይ ይቆማል፤ ይህ ሰውነትን ይጎዳል፣ በአንጀት ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ያስርባል። እባክሽ ለብቻሽ አትጀምሪው፤ የሥነ ምግብ ባለሙያ ይያዝሽ። ለድርቀቱ ብለሽ የስንዴ ፉርሽካም አታብዢ፣ ሆድ ይነፋል። እንደ ሲሊየም ያለው በውኃ የሚሟሟ አሰር ይሻልሻል፤ በትንሹ ጀምረሽ ከብዙ ውኃ ጋር ውሰጂው።

መድኃኒትም አለው፤ ቁርጠት የሚያላላ፣ ተቅማጥ የሚያቆም፣ የፔፐርሚንት ዘይት እንክብልም። ሐኪምሽ በትንሽ መጠን አሚትሪፕቲሊን ካዘዘልሽ፣ የድብርት መድኃኒት ነው ብለሽ አትደንግጪ። በዚህ መጠን የሚሰጠው ለአንጀትሽ ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ትልቅ ጥናትም በሌላው ሕክምና ላልተሻላቸው ሰዎች እንደሚረዳ አሳይቷል።

አይቢኤስ ወደ ካንሰር አይለወጥም፤ በዚህ እንቅልፍ አትጪ። ግን ሰገራሽ ላይ ደም ካየሽ፣ ሳትፈልጊ ከከሳሽ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ተቅማጡ ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰሽ ወይም የደም ማነስ ከተገኘብሽ፣ «ያው የተለመደው ነው» ብለሽ አንድም ቀን አትቆዪ፤ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ማስታወሻ ደብተር ያዢ። የበላሽውን ብቻ ሳይሆን እንቅልፍሽን፣ የወር አበባሽን፣ የዋልሽበትንም ጭንቀት ጻፊበት። ነጭ ሽንኩርቱን መልሰሽ የምትሞክሪ ቀን ደግሞ ማታ ደውዪልኝ። ምንም ሰዓት ይሁን፣ ሆድሽ እንዴት እንዳደረገሽ ሳልሰማ አልተኛም።

እናትሽ